«ምኑ ነው የፈነዳው?»

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማችን ፒያሳ፣ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲጠግኑ ኖሩ። እሳቸው ፊት «ፈነዳ» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም ነበር። «ምኑ? ጎማ ይፈነዳል፣ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ትርፍ አንጀት ይፈነዳል፣ እንቡጥ እንኳ ይፈነዳል። ለይተህ ንገረኝና በልኩ ልደንግጥ» ይሉኛል። ያሰለቹኝ ነበር።

አንድ ዓመት ከአጎቴ ጋር የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼን፣ ጉዱማሌ ሜዳ አክብረን ስንመለስ ከኋላችን ድው አለ። «ፈነዳ» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሕዝቡ ወደ እኛ ገፋ። ልጅ ያዘለች ሴት ከፊታችን ወደቀች። ሕዝቡ ሊረጋግጣት ነው ብዬ ባለሁበት ቀረሁ። አጎቴ ግን ሴትዮዋን በሰውነታቸው ከልለው፣ «ጎማ ነው! የባጃጅ ጎማ ነው የፈነዳው» እያሉ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ጮኹ። መጀመሪያ የቅርቦቹ ቆሙ። ከዚያ «ጎማ ነው አሉ» እየተባባለ የኋላውም ሰው ረጋ። ሴትዮዋን አነሳናት።

አጎቴን ከቀበርናቸው ገና መንፈቅ አልሞላም። ትናንት አመሻሽ ቱላ ሰፈር ባለው ቤታችን አጠገብ የሆነ ነገር በኃይል ፈነዳና መብራት ጠፋ። ሁላችንም አጎቴ ይቀመጡበት ወደነበረው ወንበር ዞርን። ትንሿ ልጄ እጄን ጨብጣ፣ ልክ እንደ እሳቸው፣ «ምኑ ነው የፈነዳው?» አለችኝ።

እሳቸው በድምፁ ይለዩት ነበር። እኔ ግን ምኑ እንደሆነ ለማየት ባትሪ ይዤ ወጣሁ።