ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተለቀቀው እልልታ

ላፕቶፑን በጋቢዬ ጠቅልዬ ብቀመጥበትም እልልታው አልቆመም። ያለሁት ቢቸና፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የሞቱት የጋሽ ይርጋ ታላቅ ወንድም ናቸው።

ጋሽ ይርጋ ሆቴል አላቸው፤ ዌብሳይቱን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ትምህርቱን ከስምንተኛ ባቋርጥም ኮምፒውተሩን ሞጣ ኢንተርኔት ቤት ስውል ለምጄዋለሁ። መጀመሪያ በሚከፈተው ገጽ ላይ በሠርግ ዘፈን ሙሽሮች አስጨፍሬ፣ "ይግቡ" የሚለው ቁልፍ ዘፈኑ ሳያልቅ እንዳይመጣ አድርጌዋለሁ። ማንም ሥራዬን ሳያይ እንዳያልፍ ነዋ! ጋሽ ይርጋ ያኔም "እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ? ቶሎ አስገባው እንጂ" ብለውኝ ነበር። "ጋሼ፣ እርስዎ ዘመኑን አያውቁትም" ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው።

ታዲያ ከአዲስ አበባ ለለቅሶ የመጣ ዘመዳቸው ማደሪያ ሲጠይቅ፣ "ሆቴሉ አለ" ብዬ ዝም ማለት ስችል፣ ክፍሎቹን ላሳይህ ብዬ ከፈትኩት። ከበሮው ድንኳኑን ሞላው። አልቃሿ ሙሾዋን አቋረጠች። ልዘጋው ብታገል ኮምፒውተሩ ደርቆ ቀረ፤ ዘፈኑ ብቻ ይጮሃል። ጆሯቸው የከበደ አንዲት እማሆይ "ማንን ነው የሚድሩት?" ብለው ጠየቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጋሽ ይርጋ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ አቀረቀርኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ በለሆሳስ፣

"በል ልጄ፣ እሱን ይዘህ ውጣና በር ላይ ቁም። ዘፈኑ ሲያልቅ ትገባለህ" አሉኝ።