የሞስኮቡ በቅሎ

ያኔ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ሱቆችና ግራር ነበረች። ባለቤቴ ሐዲድ ጥገና ላይ ይሠራ ነበር፤ ጎረቤታችን ደግሞ ከአገሩ የተሰደደ ሩሲያዊ፣ ሞስኮብ የምንለው አናጺ ነው። ሁላችንም ፈረንጅ እንደሚጠራው «ሙሴ» እንለዋለን። እሱ የተሰበረ በርጩማችንን ያቃናል፣ እኔ ሽሮ እልክለታለሁ። ረቡዕና ዓርብን እንደኛው ይጾማል፤ አማርኛው ግን ሆድ አስይዞ ያስቃል። ደስ ብሎን ነበር የምንኖረው።

አንድ ጧት የአንድ ሹም አሽከር ሙሴ ግቢ ገባና፣ «ጌታዬ ወደ ዝዋይ ይወርዳሉ፤ በቅሎ ያስፈልጋቸዋል» ብሎ የሙሴን በቅሎ ፈትቶ ነዳት። እንጨቱን የምታመላልስለት እሷ ናት። እሷ ከሄደች ሥራ የለውም፣ ሥራ ከሌለው ደግሞ አዳማን ለቆ መሄዱ ነው። ሙሴ ባርኔጣውን ይዞ ዝም አለ። ደሜ ፈላ።

«ሙሴ፣ ምን ይገትርዎታል? ‹በንጉሥ አምላክ› ይበሉት እንጂ!»

«ቢመታኝስ?»

«በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው እግሩን አያነሳም። እስከ ዛሬ ይህን አያውቁም?»

«በንጉሥ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። አሽከሩ እያጉተመተመ ቆመ። እንደ ወጉ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ የሁለቱ ኩታ ጫፍ ለጫፍ መቋጠር አለበት። ሙሴ ኩታ ስለሌለው የባለቤቴን ጋቢ ደረብንለት፤ ገና ያልታጠበ አዲስ ጋቢ ነበር፣ ሲጎተት ሳይ አንጀቴ አረረ። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው እየተጎተተ በከተማው መሀል አለፉ። ወተት የምትሸጥ ሴት «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ብላ በኦሮምኛ እንደ ሙሽሮች ሰላም አለቻቸው።

ዳኛው ግራር ሥር ተቀምጠው ነገሩን ሰሙና በቅሎዋን ለሙሴ ፈረዱለት። ከዚያ፣ «መጀመሪያውኑ ለምን ዝም አልክ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ እኛ አገር ንጉሥ ነበረ» አለ ሙሴ ቃል እየፈለገ። «ግፉ በዛ፤ አወረድነው። እኔም አደባባይ ወጥቼ ዘፈንኩ። ቀጥሎ ‹እኛ የድኻው ወገን ነን› የሚሉ መጡ። መሬቱ የሁሉም ነው አሉ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ እህሉን ወሰዱ። ወፍጮውን ወሰዱ። የተናገረውን አሰሩ። ዳኛውም እነሱ፣ ወታደሩም እነሱ ሆኑ። አንድ ቀን ወንድሜን ወሰዱት። ከኋላ ሮጥኩ፣ ደረስኩባቸውም። ግን በማን ስም ላቁማቸው?»

ከተሰበሰበው ሰው ማንም አልሳቀም። ቋጠሮውን የፈታው አሽከሩ ነው። በቅሎዋንም እስከ ግቢው ድረስ ራሱ ሳበለት።