ከበሩ የመለስኳት ነፍሰ ጡር

ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሐርጌሳ ከጦርነት ወጥታ፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ሁሉ ቆርቆሮ እየለበሰ የነበረበት ጊዜ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ አላህ ይማረኝ። የዚህን ያህል የሚከነክነኝ ግን የለም።

ኮድቡር በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይተን ነበር የምንኖረው። እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ የልጄ የሰዓዳ ባል የበርበራ መንገድ ሹፌር ነው። ያኔ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ስለነበር የሰፈሩን የጀሪካን ሰልፍ የማስከብረው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። አገሬ ባይሆንም ጉልበተኛ ደካማውን ገፍቶ ሲቀዳ ማየት አልችልም። ሕጌ አንድ ነበር፦ ከሰልፍ የወጣ፣ ሲመለስ መጨረሻ ይቆማል። ሱማሌ ጎረቤቶቼ ሳይቀሩ ይህን ወደውልኝ ነበር።

ሰዓዳ አምስት ወሯ ሲሞላ አልትራሳውንድ ታዘዘላት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። በእኛ ጊዜ አዋላጅ ሆድ ዳብሳ ነበር የምታውቀው፤ ማሽኑ ወንድ ወይም ሴት ብሎ የሚናገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክሊኒኩ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ ቤት ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ጄኔሬተር። ማሽኑ የሚሠራው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ጄኔሬተሩ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ እስኪጠፋ ድረስ።

በረንዳው ላይ ተራ ይዘን ሳለ አንዲት ወጣት ከመንገድ ገባች። ሆዷ ከሰዓዳ ጋር እኩል ነው። እግሯ አቧራ ለብሷል፤ በእጇ ግማሽ የቀረ የለስላሳ ጠርሙስ ይዛለች። ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

ተነስቼ ክንዴን በበሩ ላይ ዘረጋሁ።

«ወዴት ነው? እኛ እዚህ ፀሐይ ልንሞቅ የመጣን መሰለሽ?» አልኳት በተሰባበረው ሱማልኛዬ።

«ሆዮ፣ ጠዋት ገብቼ ነበር» አለች። ሆዮ እናቴ ማለት ነው። «ጥቂት ተራመጂና ተመለሽ ብለውኝ ነው።»

«ጠዋት ከገባሽማ ተራሽን በልተሻል! ወይስ ውስጥ አጎት አለሽ?»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። አንዲት ወፍራም ሴት «ይቺ ሐበሻ የቦቴው ዳኛ ናት፣ አትለቅሽም!» አለቻት።

ሰዓዳ ቀሚሴን ሳብ አድርጋ «እማዬ፣ ተያት። የታዘዘችው ነገር ይኖራል» አለችኝ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ሕግ ሕግ ነው።»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር በእግሯ እንደመጣች ብቻ ተናገረች። ከዚያ ወደ መጨረሻ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ቦታዬ ተመለስኩ።

ተራችን ደርሶ ገባን። ሐኪሙ የሰዓዳን ሆድ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባና መሣሪያውን ያንሸራትት ጀመር። ወንድ ነው ሴት ናት በማለት ፈንታ ጭንቅላቱን ለካ፣ የጀርባ አጥንቱን አንድ በአንድ ተከተለ፣ ጭኑን ለካ፣ የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ አየ። ልቡ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ልቡን በደንብ አላየሁትም። ጣፋጭ ነገር ትጠጣና ሩብ ሰዓት ትራመድ፣ ይገላበጥ ይሆናል። ስትመለሱ ወረፋ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ግቡ። የተለመደ ነው።»

ስንወጣ ዐይኔ ቀድሞ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። ልጅቷ የለችም። ጠርሙሷ ብቻ እንደ ጀሪካን ቦታ ይዞ ቆሟል።

«ዙሁር ሳይደርስ ተራ አይደርሰኝም ብላ ሄደች» አሉኝ።

ሰዓዳ የገዛሁላትን ለስላሳ ጠጥታ፣ ግቢውን ዞራ ተመለሰች። በሩ ላይ ክንዱን የዘረጋ የለም። እንዲያውም መንገድ ለቀቁላት። ያቺው ወፍራም ሴት «ሐበሻዋ፣ ሕጉ ተሻረ እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም።

ልጁ ተገላብጦ ነበር። ሐኪሙ ልቡን ሲከፈትና ሲዘጋ አሳየን። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለ። ቀጥሎ ወረቀቱን አየና «ከአያሃ የመጣችው ልጅስ? የልጇን ልብ ዛሬ ደግሜ ማየት ነበረብኝ» ሲል ጠየቀ።

ሰዓዳ አየችኝ። ለአንድ ጀሪካን ውሃ ሰፈር የማስጮህ ሴትዮ፣ ዝም አልኩ። ያኔ ብናገር ሰው ሮጦ መንገድ ላይ ይደርስባት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ለነርሷ ሁሉንም ነገርኳት። የልጅቷን ስም ሰጠችኝ፤ ስልክ የላትም። አያሃ ሄጄ ቤት ለቤት ጠየቅኩ። በዚያ ስም የምትጠራ ሴት የሌለችበት ቤት የለም። በቀጣዩ የማሽን ቀን ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ጄኔሬተሩ ጠፋ፤ አልመጣችም።

የልጅ ልጄ በሰላም ተወለደች። አሁን ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል። ዕድሜዋን ሰው በጠየቀኝ ቁጥር በዚያች ልጅ ሆድ የነበረውንም ዕድሜ አብሬ እቆጥራለሁ፤ በሕይወት ካለ። ምናልባት እሱም ጀርባውን ብቻ ነበር የሰጠው። ምናልባት።

ተራ ሲጣስ ዛሬም ዝም አልልም፤ እንዲያ አልተፈጠርኩም። ግን ክንዴን ከመዘርጋቴ በፊት «ምን ብለውሽ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያቺ ልጅ ግን ሳልጠይቃት ነግራኝ ነበር።