አልገጥም ያለው የአባቴ ምስል

ያን ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ አንስቼ ገደል ልሰደው ምንም አልቀረኝም ነበር። የአባቴን የአንጎል ምስል ለማመሳከሪያ ከሚያገለግለው መደበኛ ምስል ጋር አግጥም ብዬ ካዘዝኩት ውሎ አድሯል። የሌላውን ሰው ሁሉ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ የሚያገጥም ፕሮግራም የአባቴ ላይ ሲደርስ ለገመ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሊያልቅ ሲቃረብ መብራት ይሄዳል፤ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። የመካነ ሰላም መብራት የኔን ሥራ እያየ የሚጠፋ እስኪመስለኝ ነደድኩ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለደረሶች ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ተማሪዎቻቸው ፊት በቃላቸው የሚያውቁት ይጠፋቸው ጀመር። አዲስ አበባ ወስጄ አስመረመርኳቸው። የምማረው ይህንኑ የምስል ሥራ መሆኑን ሐኪሙ ሲሰማ፣ «አግጥመሽ ለኪልኝ። አንጎላቸው መመንመን አለመመንመኑን ሳላይ መድኃኒት አላዝም፤ ሰኞ ደግሞ ወደ ውጭ እሄዳለሁ» አለኝ። አባቴ አዲስ አበባ አላድርም ስላሉ ምስሉን በሲዲ ይዤ አገራችን ተመለስን።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ምስሉን አሳነስኩት። ሰደብኩት። ቢቸግረኝ ቁጥሩን ትቼ ምስሉን በዓይኔ አየሁት። ለካ አፍንጫቸው ፊት ለፊት መሆን ሲገባው ወደ ቀኝ ዞሯል! ፕሮግራሙ ጆሮን ከአፍንጫ ላጋጥም ብሎ ነው ሲለፋ የከረመው።

አዲስ አበባ ምስሉን ያነሳውን የማሽን ባለሙያ ረገምኩት። አባቴን የሚያህል ሰው «አንተ፣ አትነቃነቅ!» ብሎ አስተኝቶ ሲወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላያቸውም።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ማሽኑ ውስጥ ለምን ዞሩ?» አልኳቸው፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«ወላሂ ቀብር መሰለኝ» አሉ። «ይጠባል፣ ይንጓጓል። ሟች ፊቱን የሚያዞርበት ቂብላ በየት እንደሆነ የሚነግረኝ የለ። በቀኝ ይሁን ብዬ ፊቴን አዞርኩ።»

ምስሉ ላይ ያለውን ጭንቅላታቸውን በማውሱ አዙሬ ቀጥ አደረግሁትና ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ወዲያው ገጠመ። ለሰኞ ይደርሳል፤ እኔ ግን ንዴቴ አልበርድ ብሎ እንባዬ መጣ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ሰውዬው አትነቃነቅ ብሎኛል፤ ፊቴን ካዞርኩ ወዲያ አልተነቃነቅሁም። አትሞትም ያለኝ ግን አልነበረም።»