ሙሾ የወጣለት ተዋናይ

ፊልሙ የሚታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው ተባለ። ሰኞ ቢሉ፣ ሐሙስ ቢሉ እኔ ምን ቸገረኝ! እሑድ ከሰዓት ግን የእኔ ነበረች፤ ልነጠቃት ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

የእኔ የሆነችው እንዲህ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ አግብቼ ከፈታሁ በኋላ ነው። ቀን ጥልፍ እየጠለፍሁ፣ ማታ እየተማርሁ ጥቂት ክፍሎች ገፋሁ፤ ከዚያ መጽሐፍ የሚባል ነገር ያዘኝና አልለቅ አለኝ። ቤቴ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። የሰፈሩ ሴቶች እጃቸው እንዝርት ሳይዝ አይውልም። እሑድ ግን ሰንበት ነው፣ ጥጥ አይነካም። ጠዋት ከቅዳሴ የተረፈውን ጊዜ የቀበሌ ስብሰባ ይወስደዋል። ከሰዓት በኋላ እጃቸውን የሚያደርጉበት ሲጠፋቸው እኔ በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፣ እኔም ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ለቀበሌው "መሠረተ ትምህርት የጨረሱ ሴቶች ንባብ" ብለን አስመዝግበነዋል። እውነትም በየሳምንቱ ስለ እርከን ሥራ ከተጻፈች ወረቀት አንድ አንቀጽ አስቀድማለሁ። ከዚያ ወረቀቷን አጥፌ ወደ ፍቅሩ እንገባለን።

በሌላው ቀን ከ"እንደምን ዋላችሁ" የማላልፍ ሴት ነኝ። እሑድ ግን ያ ሁሉ ሴት አፍ አፌን ያያል። አንዷ አስነጥሳ ካቋረጠችኝ ዓረፍተ ነገሩን ከራሱ እጀምረዋለሁ። "ይቺማ ቅዳሴ ነው የያዘችው" ብለው ይስቁብኛል፤ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነጠላቸውን አፍነው ያስነጥሳሉ።

ታዲያ አንድ መጽሐፍ እኩሌታው ላይ ደርሰን ሳለ የፊልም መኪና ከወረታ በኩል መጣ። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ፦ ሰዓት እላፊ ስላለ ፊልሙ በቀን ይታያል፤ ሰው ከተገኘ ደግሞ በየእሑዱ ይቀጥላል። በየእሑዱ! እኔ ይቺን ቃል ነው የሰማሁት።

የአዳራሹ በር ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ። ሦስት ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። የሴትዮዋ ቀሚስ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ቀበሌው ትከሻዋን በነጭ ወረቀት ለጥፎ ሸፍኖታል። ወረቀቱን በጥፍሩ ለመፋቅ የማይሞክር አላፊ አግዳሚ አልነበረም። ፊልሙን ለማስተርጎም የተመደበው የማታ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነው፤ መጻሕፍቱንም የሚያውሰኝ እሱ ነው። ሥዕሉ ሥር ቆሞ አገኘነው።

"አራቱም በዓለም የታወቁ ናቸው" አለን።

"በየትኛው ዓለም?" አሉ እትዬ። "እኔ አንዳቸውንም አላውቅ።"

እትዬ የምንላቸው ከእኔ ቤት ጀርባ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። በሙሾ የሚስተካከላቸው የለም፤ ትልቅ ሰው ሲሞት ከአንበሳሜ ድረስ በቅሎ ተልኮ ይወሰዳሉ። የበረንዳዬ አለቃም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ከሄዱ ሁሉም ይሄዳል።

"ፍቅር አለበት፣ ግድያም አለበት" አለ አስተማሪው። "ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ፍቅሩም" ብሎ የሴትዮዋን ትከሻ የሸፈነውን ወረቀት አየና ጉሮሮውን ጠረገ፣ "ፍቅሩም ጠንከር ያለ ነው።"

ሙሽራይቱ በነጠላዋ ተከናነበች። ካገባች ዓመት አልፏታል፣ ግን እስከዚያ ድረስ ሙሽራይቱ ነበር የምንላት። የተከናነበችው ፈገግታዋን ለመደበቅ ነው።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩና "እንግዲህ ደግ ከሆነልን አንቺንም አናደክምሽ፤ ጉሮሮሽም ይረፍ" አሉኝ። ለደግነት ነው ያሉት። እኔን ግን እንደ ጦር ወጋኝ። ጉሮሮዬ የሚያርፈው ከሞትሁ በኋላ ነው አልሁ በሆዴ።

እሑድ ደረሰ። እኔም ሄድሁ፤ ቀማኛዬን በዓይኔ ልየው ብዬ። የአዳራሹ መስኮቶች በጆንያ ተሸፍነዋል። በጆንያው ቀዳዳ የሚገባው ጨረር የቀበሌው ሊቀ መንበር መላጣ ላይ አርፏል። ሴቶቹ ከፊት ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ወንዶቹ ከኋላ ቆመዋል። አስተማሪው ከሸራው አጠገብ ቆሞ ድምፅ ማጉያውን ያንኳኳል። ሊቀ መንበሩ ፊልም አሳዪውን ጠራና ሁላችንም እየሰማን፦

"ከአንገት በታች የሆነ ነገር ከመጣ በእጅህ ትጋርዳለህ። ገባህ?"

"ገባኝ ጓድ ሊቀ መንበር።"

ከኋላ አንድ ጎረምሳ "ታዲያ የአንገቱን ሒሳብ ብቻ አታስከፍሉንም?" ብሎ ጮኸ። ጓድ ሊቀ መንበር ዞሮ ማን እንደሆነ ሳያገኘው መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ ጀመረ። በሥዕሉ ላይ ካሉት ሁሉ መልከ መልካም የሆነው ባለ ጥቁር ኮት ሰውዬ ብቅ አለ። ሰፊ ቤት፣ ቆንጆ ሚስት፣ አበባ ያለበት ግቢ አለው። ሴቶቹ "እሰይ፣ እሰይ" አሉ። ወዲያው ወደዱት። ብርጭቆ ይዞ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ከመጋረጃ ውስጥ እጅ ወጣና በጩቤ ወጋው። ፊቱን እንኳ ገና አይተን አልጠገብነውም። ብርጭቆው ሳይወድቅ እሱ ወደቀ።

ይህን ጊዜ ፊልም አሳዪው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። ጩቤው ሲገባ፣ ደሙ ሲወርድ ማንም ጋርድ አላለውም።

በእኛ አገር ሰው ሞቶ ዓይንህ እያየ ዝም ብሎ መቀመጥ የለም። እንግዳም ይሁን መንገደኛ፣ አስከሬን ያየ ሰው ያለቅሳል። ደንቡ ነው። እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አገለደሙ፤ እኔም የሚመጣው ታወቀኝ።

"ያ መልከ መልካሙ፣ ያ ባለ ጥቁር ኮት፣
ብርጭቆውን ይዞ ቀረ ከመስኮት!"

"ወዬ! ወዬ!" ብለው ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ተቀበሉ። ሙሽራይቱ ደረቷን ደቃች። ከኋላ ወንዶቹ "ኧረ ዝም በሉ፣ ፊልም እኮ ነው!" ሲሉ እትዬ ዞረው፦

"ፊልምስ ቢሆን፣ እናት የለውም?"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ነፍስ ይማር" ሲሉ ሰማሁ።

ልቅሶው ተጋጋለ። በዚህ መሐል ሸራው ላይ ያን ያህል የተጠበቀው ጠንካራ ፍቅር መጥቶ ኖሯል። ባል የሞተባት ሴትዮ ከመርማሪው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ገባች። ፊልም አሳዪው መዳፉን የፊልም ማሽኑ መስተዋት ላይ ጫነ። ሸራው ሙሉ ቀይ ጣት ሆነ፤ በጣቶቹ መሐል አንዳንዴ ክርን፣ አንዳንዴ የትራስ ጫፍ ይታያል።

"እጅህን አንሣ!" ይላሉ ወንዶቹ።

"ምን እየተባባሉ ነው?" ብሎ ሊቀ መንበሩ አስተማሪውን ጠየቀ።

ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። አስተማሪው ላቡን ጠረገና "ስለ... ስለ ቤቱ ኪራይ እየተመካከሩ ነው" አለ።

"ባሏ ገና አልተቀበረም!" አሉ እትዬ ከሙሾው ወረድ ብለው። "ኪራዩ ከሠልስቱ በኋላ አይደርስም ነበር?"

እንባችን ሳይደርቅ መዳፉ ተነሣ። ሸራው ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ያ የሞተው ሰውዬ። ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ አረፋ እስከ አገጩ ደርሶ፣ ከሚስቱ ጋር ይሳሳቃል።

ሴቶቹ ባሉበት ደረቁ። አንዷ አማተበች።

"ተነሥቷል?" አለች ሙሽራይቱ።

"አይ፣ አይ፣ ይህ ያለፈው ነው" አለ አስተማሪው። "ሴትዮዋ በሐሳቧ እያስታወሰችው ነው።"

"ያለፈውን ከመሞቱ በፊት አያሳዩንም ነበር?" አሉ እትዬ። "ሰው በቁሙ ያልተዋወቀውን እንዴት ብሎ ያለቅስለታል? እኔ ያወጣሁለት ሙሾ ለገንዳ ነው?" ቁጭ አሉ፤ ያገለደሙትንም ፈቱ። በሕይወታቸው የሞተ ሰው አታሎኛል ብለው ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን በፍቅር ያየው ሰው አልነበረም። ገዳዩ እስከ መጨረሻው አይታወቅም የተባለውም ገና መንገዱ ሳይጋመስ ታወቀ። ያወቀችውም ሙሽራይቱ ናት። ከአራቱ ዝነኞች አንደኛው ግቢው ውስጥ አበባ ያጠጣል፤ አይናገር፣ አይጋገር፣ ዝም ብሎ ያጠጣል።

"ይሄን የሚያክል ሰው፣ በር ላይ ሥዕሉ የተለጠፈ፣ ከዚያ ሁሉ አገር አበባ ሊያጠጣ ነው የመጣው?" አለች። "እሱ ነው የገደለው።"

እሱ ሆነ። መጨረሻ ላይ መርማሪው አትክልተኛውን በሰንሰለት ሲያስረው ከአዳራሹ የተሰማው የሙሽራይቱ "አላልሁም?" ብቻ ነበር። እኔ በጨለማው ውስጥ ደስታዬን በነጠላዬ አፍኜዋለሁ። ባላገር የተባለች ሴት ያን ሁሉ ወጪ በአንድ ጥያቄ አፈረሰችው። ጸሐፊ ቢሆን ይህን አይሠራም፤ መጽሐፍ ውስጥ ዝነኛ የለም። አትክልተኛው አትክልተኛ ነው፤ ማን እንደሆነ እስኪነገርህ ድረስ ፊቱን የምትሠራለት አንተ ነህ።

ስንወጣ ሴቶቹ የቧንቧው ዳር ተሰልፈው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ያለቀሰ ሰው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። ወንዶቹ ደግሞ ፊልም አሳዪውን ከበው የመዳፉን ስፋት ይሰድባሉ። እኔ ድሌን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ድል ግን አልነበረም። በየእሑዱ የተባለው ቀርቶ የፊልም መኪናው ወደ ነፋስ መውጫ ስላለፈ በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም መጡ። የእርከኑን አንቀጽ አንብቤ መጽሐፉን ስገልጥ እትዬ እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑበት።

"እሱ ይቆይ። ያን ፊልም ንገሪን።"

"አይታችሁት የለም እንዴ?"

"ምኑን አየነው? ግማሹን አለቀስን፣ ግማሹን ጣት አየን። አንቺ እንደ መጽሐፍ አርገሽ ንገሪን። ደግሞ በወጉ!"

ያልተጻፈ ነገር ተናግሬ አላውቅም። እኔ የተጻፈውን የማነብ፣ አንዲት ቃል የማልጥል ሰው ነኝ። ግን ያን ቀን እምቢ ብል ነጠላቸውን አራግፈው እንደሚሄዱ፣ ከሄዱም እንደማይመለሱ ከእትዬ ዓይን አነበብሁት። መጽሐፉን ዘጋሁ።

"ባለ ጥቁር ኮቱ ሰውዬ" ብዬ ጀመርሁ፣ "አልሞተም።"

"እሰይ!" አሉ።

ሦስት እሑድ ሙሉ አልገደልሁትም። እናት ሰጠሁት፣ ከእናቱ ጋር የማትስማማ አማት ሰጠሁት። ሚስቱን ከማግባቱ በፊት ሽማግሌ ላክሁ፤ ሽማግሌዎቹ አንዴ ተመለሱ፣ በሁለተኛው ተሳካላቸው። አትክልተኛውን እንዳይጠረጠር ስል ከሙሽራይቱ ዓይን ሸሸግሁት፤ ዝም ብሎ ሳል የሚይዘው አሮጌ ሰውዬ አደረግሁት። ሙሽራይቱ አማትየዋን ጠረጠረች። እኔም ደስ አለኝ። በአራተኛው ገደልሁት፤ ተለቅሶለት አርባው ሲወጣ ወደዚያ ወደ መዳፉ ሥፍራ ደረስን።

"ሴትዮዋና መርማሪው ክፍሉ ውስጥ ገቡ" አልሁ። "በሩን ዘጉት።"

"ዘጉት?" አሉ እትዬ።

"ዘጉት።"

"መብራቱንስ?"

"አጠፉት።"

ሙሽራይቱ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳዋለች።

"ታዲያ ምን አሉ?" ብለው ሹክ አሉኝ እትዬ።

"በሩ ዝግ ነው እትዬ፤ ምን ልስማ?"

"አይ አንቺ ክፉ!" ብለው ጉልበቴን መቱኝ፤ ሌሎቹም እንደ ልጃገረድ እየተገፈታተሩ ሳቁ። ማንም ግን በሩን ክፈቺው አላለኝም።

ነገሩ ካለቀ በኋላ ያ የፊልም መኪና ከነፋስ መውጫ ሲመለስ በከተማችን አደረ። ፊልሙ በጥያቄ ብዛት እንደገና ይታያል ተባለ። ሴቶቹ እንደ ሠርግ ለብሰው ሄዱ፤ የራሳቸው ልጅ የተዳረ ይመስል። እኔም ነገሬ ሊታወቅብኝ ነው እያልሁ ከኋላቸው ተከተልሁ።

ባለ ጥቁር ኮቱ ብርጭቆውን ይዞ መስኮቱ ዘንድ ቆመ። ከመጋረጃው እጅ ወጣ።

"ገና ነው!" ብለው እትዬ ብድግ አሉ። "ኧረ ገና ነው! አማቱ ሳትመጣ?"

"እናቴ ይቀመጡ" አለ ሊቀ መንበሩ።

"ምን እቀመጣለሁ፣ እያበላሸው! ሽማግሌዎቹስ የታሉ? አንተ ልጅ!" ፊልም አሳዪውን ነው። "ይሄማ ሌላ ነው። የእኛን የት አደረስኸው?"

ፊልም አሳዪው የፊልሙን ጣሳ ወደ ማሽኑ ብርሃን አስጠግቶ ጽሑፉን አነበበ። አስተማሪው ግን ጨለማውን አሻግሮ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ "ይቅርታ፣ መንገድ ላይ የተቆረጠ ክፍል ሳይኖር አይቀርም" አለ።

ሴቶቹ ከገንዳው በፊት ተነሥተው ወጡ። ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። እየተነጫነጩ፣ እየተሳሳቁ በረንዳዬ ላይ ተኮለኮሉ። እኔም ያን በእኩሌታው የተውነውን መጽሐፍ አወጣሁ።

"ቆይ" አሉ እትዬ። "እዚህ ውስጥ የሚሞት አለ? ካለ ከወዲሁ ንገሪኝ።"

"አልነግርዎትም" አልሁ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተመቻቹ። "እንኪያስ በይ፣ አንብቢ።"