ኢታካ የጠየቀ ዕለት

የኢታካ ብስክሌት የሚያድረው ባራኒኮ ቤት ነው። ሬዲዮው አክስቱ ደጃፍ ላይ ይዘፍናል። ነጭ እግር ያላት አሳማው የወለደችው በሚስቱ ወንድም ጓሮ ነው። የዝናብ ካፖርቱን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ማን እንደሆነ ደግሞ ኢታካ ራሱ በትክክል አያውቅም፤ ካፖርቱ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ዱካው ጠፍቷል። በፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ባለችው በታቡዌራን ደሴት የኢታካ ንብረት የሌለበት ቤት ቢፈለግ አንድ ብቻ ይገኛል፤ እሱም የኢታካ ቤት ነው።

ተዘርፎ ወይም ተሰርቆ እንዳይመስላችሁ፤ ሁሉም በሥርዓት የተጠየቀ ነው። ዘመድ ይመጣል፣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ዓሣው ስለ ነፋሱ ያወራል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ቡቡሲ» ይላል፣ የሚፈልገውንም ይጠራል። ያ ቃል ከወጣ ነገሩ አለቀ። እምቢ ያለ ሰው ሲሞት እንኳ «ያ ባልዲ የከለከለው ሰውዬ» እየተባለ ነው የሚቀበረው። ሌላው ሰው ታዲያ ዛሬ ሲጠየቅ ይሰጣል፣ በሳምንቱ ደግሞ በተራው ሄዶ ይጠይቃል፤ ዕቃው ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ከኢታካ የሄደ ግን እንደሄደ ይቀራል፤ ምክንያቱም ኢታካ በሕይወቱ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። «እኔ ያለኝ ይበቃኛል» ይላል፣ ምንም ሳይኖረው።

ሚስቱ ቴቦራ በዚህ ነገር ስትቃጠል ኖራለች። «ሰውን ሁሉ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ አንተን ግን አስሮ ነው የሚገርፍህ» ትለዋለች። እሱ ፈገግ ይላል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ባይ ነው።

ለጠያቂ የተመቸው ደግሞ ሥራ ስላለው ነው። ሄዘር የምትባል የኒውዚላንድ ሴት ካፒቴን ባለ ሸራ ጀልባዋን ይዛ፣ ነፋሱ በሚበረታበት ወቅት እንግዶች ታመጣለች፤ ኢታካ መልህቅ ይጥላል፣ ሸራ ያወጣል፣ ጀልባዋን ደሴቷን በከበበው የኮራል ድንጋይ በር አሳልፎ ወደ ውስጠኛው ፀጥተኛ ባሕር ያስገባል። እንግዶቹ የሚመጡት ነፋስ ፍለጋ ነው። ነፋስ በየአገሩ በነፃ እየነፈሰ ይህን ሁሉ ውቅያኖስ ማቋረጣቸው ኢታካን መጀመሪያ ላይ ያሳዝነው ነበር፤ ዘመድ አልባ ሰዎች ይመስሉት ነበር።

ካይት የሚሉት ነገር አላቸው፤ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ ነው። ጠርዙን በአየር ነፍተው ወደ ሰማይ ይለቁታል፣ ገመዶቹን ወገባቸው ላይ ካለው ቀበቶ ጋር ያያይዛሉ፣ እግራቸውን ሳንቃ ላይ ይሰካሉ፣ ከዚያ ነፋሱ በውሃው ላይ እየጎተተ ይወስዳቸዋል። ሲወድቁ ኢታካ በትንሿ ሞተር ጀልባ እየሄደ ይለቅማቸዋል። ከሁሉም በላይ የሚወድቀው ግራም የሚባል የሜልበርን ጥርስ ሐኪም ነበር፤ በመለቀም ብዛት ከኢታካ ጋር ወዳጅ ሆነ። አንድ ቀን ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ ሐኪሙ ቀበቶውን ፈትቶ ኢታካ ወገብ ላይ አሠረውና «ሞክር» አለው።

ኢታካ የልጅ ልጅ ካየ የቆየ ሰው ነው፤ ቢሆንም ሞከረ። መጀመሪያ ብዙ የጨው ውሃ ጠጣ። በሌላ ቀን ትንሽ ጠጣ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሳንቃው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ባሕሩ ከእግሩ ሥር ሸሸ፣ መንደሩ አነሰ፣ የሰው ድምፅ ጠፋ። ደስ አለው። በቃ፣ ደስ አለው፤ ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀ። እዚያ ላይ ሆኖ ደግሞ ማንም መጥቶ ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥበት አይችልም።

ጥርስ ሐኪሙ በመጨረሻው ቀን ኮራል ላይ ተጎትቶ ጀርባው ተላጠ። ካይቱን ከነሳንቃው ከነቀበቶው ኢታካ እጅ ላይ አስቀምጦ «ሁለተኛ ይህን ነገር ባየው ዓይኔ ይጥፋ» አለና አገሩ ገባ። ኢታካም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር «ይሄስ የእኔ ይሁን» አለ። ለማንም ሊሰጠው አልፈለገም፤ መደበቅ ነበረበት።

«ጣሪያው ሥር ምንድን ነው ያስገባኸው?» አለች ቴቦራ።

«ምንም አይደል። ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ከሆነ አምጣው፣ ላንጥፈው።»

«ሰማይ ላይ የሚወጣ ጨርቅ ነው።»

ቴቦራ የምትፍቀውን ኮኮናት አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው የሚደብቀው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። አንተ መርጠህ መርጠህ ሰማይ ላይ የሚሰቀል ነገር ትደብቃለህ?»

ኢታካ ግን አስቦበታል። ዓሣ ላጠምድ ነው እያለ ታንኳውን ቀዝፎ ሰው የማይኖርበት የደሴቱ ጫፍ ይሄዳል፣ እዚያ እንደ ልቡ ይበራል። ያላሰበበት ነገር ቢኖር ደሴቱ ኮረብታ የሌላት መሆኗን ነው። እዚህ ከኮኮናት ዛፍ የሚበልጥ ቁመት የለም፤ ካይቱ ደግሞ ከኮኮናቱ በላይ ይወጣል፣ ቀለሙም የበሰለ ፓፓያ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ከመሰብሰቢያው አዳራሽ ከማኔያባ ሳይነሱ፣ ተጋድመው እያጨሱ አዩት። እሱን ባያዩ እንኳ ባዶ ታንኳ ይዞ እየዘፈነ የሚመለስ ዓሣ አጥማጅ ያሳብቃል። ነገር በዓይን ይገባል፤ ሳምንትም አልቆየ፣ የአጎቱ ልጅ ባራኒኮ በኢታካ ብስክሌት ወደ ኢታካ ቤት መጣ።

ባራኒኮ ተቀመጠ፤ ትልቅ ሰው ስለሆነ ወለሉ ጮኸ። «ዓሣው እንዴት ነው?»

«እምቢ ብሏል» አለ ኢታካ።

«ዓሣ እንኳ እምቢ ማለት ተምሯል» አለች ቴቦራ ከጓዳ።

ባራኒኮ እንዳልሰማ ሆነ። «ነፋሱስ?»

«ነፋሱ ደህና ነው።»

«እሱንማ አየን። ማኔያባ ሆነን አየነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ቡቡሲ፣ ወንድሜ። ያ የሚበረው ነገር።»

«ውሰደው፣ ወንድሜ» አለ ኢታካ። ጣሪያ ሥር ገብቶ አወጣው፣ ብስክሌቱ ላይ ጭኖ በገመድ አሰረለት፣ ጎማው ላላ ያለ ስለመሰለው ነፋለት። ያን ቀን ግን እህል አልቀመሰም።

በማግስቱ ባራኒኮ ሲበር ለማየት መንደሩ ሁሉ ወጣ። ኢታካ ቀበቶውን እያጠበቀለት «ዛሬ እንኳ ነፋሱ በርትቷል፣ ነገ ቢሆንስ» አለው።

«ነፋስ እኔን ምን ያደርገኛል? ሜሬ እንኳ ገፍታ አታነቃንቀኝም» አለ ባራኒኮ። ሜሬ ሚስቱ ናት፤ አንገቷን በመነቅነቅ አረጋገጠች።

ነፋሱ ከሜሬ የበረታ ሆኖ ተገኘ። ባራኒኮን ከአሸዋው አነሳው፣ ውሃው ላይ አንድ ጊዜ አነጠረው፣ ሐሳቡን ለወጠና ወደ ደረቁ መለሰው፤ የፓስተሩ ሚስት ዓሣ ባሰጣችበት ቆጥ መሃል አሳለፈው፣ በመጨረሻም የገዛ ራሱ አሳማዎች በረት ውስጥ አስቀመጠው። ብድግ ሲል ከሸሚዙ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ወደቀ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ትንሽ ይፈጥናል።»

ከዚያ ወዲያ ባራኒኮ የሚፈልገው ያን ካይት ከቤቱ ማስወጣት ብቻ ነው። እንዳይመልሰው፣ በቡቡሲ የወሰዱትን መመለስ በሰጪው ፊት መትፋት ነው። እንዳይጥለው ነውር ነው። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሰው መጥቶ እንዲጠይቀው መጠበቅ። አጥሩ ላይ ሰቀለው። ሰው ሁሉ መንገድ ቀየረ። ማኔያባ ውስጥ ተነስቶ ስለ ጨርቁ ጥንካሬ፣ ስለ ቀለሙ ማማር ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹ በአክብሮት አዳመጡና ስለ ኮፕራ፣ ስለሚሸጡት ደረቅ ኮኮናት፣ ማውራት ጀመሩ። ድሮ በጠያቂ የሚጨናነቀው የባራኒኮ ቤት ወረርሽኝ የገባበት ይመስል ጭር አለ፤ ባልዲ የሚፈልግ እንኳ ሌላ ቤት ሄደ።

«እንግዲህ ሂድና ጠይቀው» አለች ቴቦራ።

ኢታካ ጥፍሩን ያይ ጀመር። «ምን ብዬ?»

«ሰው ሁሉ እንደሚለው ብለህ። አንድ ቃል እኮ ናት፤ ሻርክ አፍ ውስጥ እጅህን ክተት አላልኩህም።»

ለኢታካ ሻርኩ ይሻለው ነበር። ቢሆንም ሄደ፤ ተቀመጠ፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ነፋሱ አወራ። ወሬው አለቀ። ካይቱ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ይወዛወዛል። ባራኒኮ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ሁሉ ደህና።»

«አይ፣ ማለቴ፣ ከዚህ ቤት የሚያስፈልግህ ነገር ካለ።»

«እኔ ያለኝ ይበቃኛል» አለ ኢታካ፣ ምላሱ እንደለመደው። ባራኒኮ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። ኢታካ ቤቱ እስኪደርስ ራሱን ሲሰድብ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ቴቦራ ከጉድጓድ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ባልዲውን ሳታወርድ ነገረችው፤ ሜሬ ካይቱን ቆራርጣ ለአሳማዎቹ በረት ጣሪያ ልታደርገው ነው፣ መቀሱንም ሞርዳለች። ኢታካ ሸሚዙን ሳይለብስ ወጣ።

ካይቱ ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል፤ ሜሬ መቀሷን ይዛ ከየት እንደምትጀምር ትለካለች። ኢታካ ሌላ ቦታ ያጣ ይመስል መጥቶ ጨርቁ መሃል ላይ ቁጭ አለ። ሥርዓት ሥርዓት ነውና መጀመሪያ መነጋገር አለበት።

«ዓሣው እንዴት ነው?» አለ እያለከለከ።

«ደህና ነው» አለ ባራኒኮ ከደጃፉ።

«ነፋሱስ?»

«ይነፍሳል።»

«ተነስልኝ እንጂ፣ ልቁረጥበት» አለች ሜሬ።

ኢታካ አፉን ከፈተ። «ዝናቡስ?» አለ። ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። መቀሱ ጉልበቱ አጠገብ ክርች ሲል ሰማ፤ ያኔ እዚያ ባሕሩ ላይ ብቻውን የሳቀው ሳቅ ትዝ አለው፣ ሁለተኛም እንደማይስቀው ታየው።

«ቡቡሲ» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «ይሄ የተቀመጥኩበት።»

ሜሬ መቀሷን ጣለች። ባራኒኮ ከደጃፉ ወርዶ መጣና ፊቱ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ቡቡሲ።»

«ሜሬ፣ ሰማሽ? ጠየቀኝ እኮ። ኢታካ እኔን ጠየቀኝ።» ያ ሁሉ ሰውነት አሸዋው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «በብስክሌትህ ሳልፍ ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቃለህ? ‹ወሳጁ መጣ› ነው የሚለኝ። እኔ እኮ በየጊዜው አዲስ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ዛሬስ ኢታካ መጥቶ ይጠይቀኛል እላለሁ። አዲሱን ድስት በር ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩህ። መረቡን ጠበቅኩህ። አትመጣም። የእኔ ዕቃ ይሸትሃል? ሁሉን ሰጠኸን፣ እንድንሰጥህ ግን ከለከልከን። በዚህ ደሴት እንዳንተ ያለ ስስታም አልተፈጠረም።»

ኢታካን በሕይወቱ ስስታም ያለው ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን ደግነት ብሎ የያዘው ነገር ግማሹ ኩራት እንደነበር ገባው፤ አፈረም፤ እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም።

«ድስቱ አሁንም አለ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አለ» አለች ሜሬ፣ ቀድማ ወደ ጓዳ እየሮጠች።

ኢታካ ቤቱ ሲመለስ ካይቱ ብስክሌት ላይ ተጭኗል፣ ድስቱ መሪው ላይ ይንቀጫቀጫል። ቴቦራ መንገዱ ድረስ ወጣች። ብስክሌቱን ዞራ አየችው።

«ይሄንንም ጠየቅኸው?»

«እሱንስ ራሱ ነው ‹እባክህ ጠይቀኝ› ብሎ የለመነኝ።»

ሰኞ ዕለት ኢታካ ሩቅ ጫፍ አልሄደም። እዚያው ማኔያባው ፊት ለፊት ነፍቶ አነሳው፣ መንደሩ እያየው ውሃው ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሽማግሌዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስተው ተቀመጡ። ባራኒኮ ዳር ላይ ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ፣ ሰላምታ ሊሰጥ የመጣውንም ሌላ ጉዳይ ያለውንም፣ ያስቆማል።

«ያ የሚበረው የእኔ ነበር» ይለዋል። «ኢታካ መጥቶ ጠየቀኝ። ሰጠሁት።»