ክታብና ክትባት በአሸተን ዳገት

ሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ወልድያ

የጋዜጣው አለቃዬ የሰጠኝ ርእስ «ወጣቱ በጤና ዘመቻ ግንባር ቀደም ነው» የሚል ነበር። እውነትነቱን ገና ከወልድያ ሳልወጣ አረጋገጥኩ። ወጣቷ ከላንድሮቨሩ የፊት ወንበር ላይ ጉብ ብላለች፤ እኔ ከኋላ በነዳጅ ጀሪካንና በድምፅ ማጉያ መካከል ተሸጉጫለሁ።

«ጓድ ዘሃራ፣» አልኳት በጨዋ ደንብ፣ «በዕድሜም ብንሄድ፣ በወገብ ሕመምም ብንሄድ፣ የፊቱ ወንበር እኮ…»

«የፊቱ ወንበር የሣጥኑ ነው፣» አለችኝ ዞር ሳትል።

ከጭኗ ላይ ባቀፈችው ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ በረዶ አለ፤ በበረዶው መካከል ደግሞ የኩፍኝ ክትባት። ዘሃራ የደሴ ልጅ ናት፤ የሼህ ልጅ፣ ጤና ረዳት፣ የዘመቻው ቡድን መሪ። ሃያ ዓመት ከሞላትም ቅርብ ነው። ሾፌራችን ጋሽ ይመር አባቷ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ እሱም «እሺ ጓድ መሪ» እያለ ይታዘዛታል። ፌዝ ይሆናል ብዬ ፊቱን በመስተዋቱ ውስጥ መረመርኩ፤ ፌዝ አጣሁበት።

ከወልድያ ወዲያ በረዶ የሚሠራ ማሽን የለም። ይህ በረዶ ነገ እስከ ቀትር ከቆየልን ደግ፤ ከቀለጠ መድኃኒቱ ይበላሻል፣ እኛም አገር ጎብኝተን ተመለስን ማለት ነው። ስለዚህ በሣጥኑ ሕግ እንተዳደራለን። ሣጥኑን ፀሐይ አይነካውም፤ ሣጥኑ ያለ ነገር አይከፈትም፤ ሣጥኑ ሲያርፍ እኛም እናርፋለን።

ረፋድ ላይ፤ የድልብ አቀበት

መንገዱ ወደ ላይ ይጠማዘዛል። ጭጋግ፣ ገደል፣ የገብስ ማሳ፣ እህል የጫኑ አህዮች፤ ከአህዮቹ ኋላ ጥላ የዘረጉ ቄስ። ጋሽ ይመር በየጥምዙ ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔ በየጥምዙ ከጀሪካኑ ጋር ግንባር ለግንባር እጋጫለሁ።

ከላይ የወረደው መመሪያ ክትባቱ በሥራ ቀን ይሁን ይላል፤ በዓል ማክበር ኋላ ቀርነት ነውና። ዘሃራ ግን ቀኑን ወደ ሃያ አንድ፣ ወደ ማርያም አዛውራዋለች። አለቆችሽን ምን ብለሽ አሳመንሻቸው አልኳት።

«በሥራ ቀን ወንዱ ማሳ ላይ ነው፣ ሴቷ እንጨት ለቀማ ናት። በማርያም ግን የአሸተን ዙሪያ ሰው ሁሉ ከደጀ ሰላሙ ነው። ማንን ልከትብ፣ ባዶ ቤቱን?»

«ይቺ የሼህ ልጅ፣» አለ ጋሽ ይመር መሪውን እየታገለ፣ «ወርኃዊ በዓሉን ካንተ ይልቅ ጠንቅቃ ታውቃለች።»

እውነቱን ለመናገር ነገ ማርያም መሆኗን የሰማሁት ከዘሃራ አፍ ነው። ጀሪካኔን አቀፍኩ።

ቀትር፤ ኩልመስክ

ሽሮ በገብስ እንጀራ፣ በብር ካንድ ስሙኒ። ሽሮዋ ሸጋ ናት። የቤቱ እመቤት እትዬ አልጋነሽ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ፤ ነገርናቸው።

«አዪ፣ ቶሎ በሉ እንጂ። ታች ቆላው ኩፍኝ ገብቷል። የጎረቤቴ እኅት ሁለቱንም ልጆቿን ባንድ ሳምንት ቀበረች። እኛ ዘንድ ኩፍኝ ሳይወጣለት ልጅ አለኝ የሚል የለም።»

ይህን ያሉት እንጀራ እየጨመሩልን፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ አድርገው ነው። ዘሃራ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች።

«ጋሽ ይመር፣ እንነሣ፣» አለች። ማንም ቡና እንኳ አላለም።

ማክሰኞ ጠዋት፤ ከላሊበላ ወደ አሸተን

ያደርነው ላሊበላ ነው። ከበራችን አንዲት ጠይም በቅሎ ተጭና ስትቆም ልቤ ደስ አለው።

«ለኔ ናት?»

«ለሣጥኑ ናት፣» አለች ዘሃራ።

ሣጥኑ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ድምፅ ማጉያው በኔ ጀርባ፤ እንዲህ ሆነን አቀበቱን ተያያዝነው። የላሊበላ ቤቶች ከታች እያነሱ ሄዱ፤ እስትንፋሴም አብሯቸው አነሰ። ልጅ ያዘሉ ሴቶች እየቀደሙኝ «አይዞዎ ጋሼ፣ ደርሰዋል» ይሉኛል። አልደረስኩም። አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ፤ ሁሉም በእጃቸው ቁራጭ የለፋ ቆዳ ይዘዋል። የአገሩ ልማድ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጋዜጠኛ መሆኔን ልብ በሉልኝ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አዱኛ ጠመንጃቸውን ካንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወሩ «ለፋፊያችን ጎበዝ ነው፤ በአንድ ቃል ሕዝቡን አጎረፈው!» አሉን።

ዘሃራ ሣጥኑን ከዛፍ ጥላ ሥር አኑራ መርፌውን አዘጋጀች። የመጀመሪያዋ እናት ቀረብ አለችና ደንግጣ ወደ ኋላ ተመለሰች።

«ክታቡስ?»

«ይኸው፣» አለች ዘሃራ፣ ክትባቱን የጠየቀቻት መስሏት።

«ይሄማ መርፌ ነው! ክታብ ይታደላል ተብለን ነው የመጣነው። እኔ እኮ መስፊያ ቆዳውን ሳይቀር አልፍቼ ነው የመጣሁ።»

ጉዱ ወጣ። ለፋፊው «ክትባት» የሚባል ቃል በዕድሜው ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ተሳስተው ነው ብሎ አርሞታል። ገበያ ለገበያ እየዞረ «መንግሥት ለልጆች ሁሉ ክታብ ያድላል!» ሲል ሰንብቷል። ይኸው መንግሥት ትናንት ክታብ ኋላ ቀርነት ነው ሲል የነበረ ነውና ሕዝቡ «ደርግ ንስሐ ገባ» ብሎ እየተደሰተ ነው የመጣው።

ይህ ሳያንስ የአገሩን ክታብ ሁሉ የሚጽፉት መሪጌታ ክንፉ መቋሚያቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«ማነው በአገሬ ክታብ የሚጽፍ? ከየትኛው ጉባኤ ወጣ? መምህሩስ ማነው?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን እያጣፉ መውረድ ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ጮኹ፤ «ልጁን ያላስወጋ ከማኅበሩ ሱቅ ስኳርም ጨውም አያይም! መመሪያ ነው!»

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አለች ዘሃራ፣ «አንድም ልጅ በግድ አልወጋም። ዛሬ በግድ ብወጋ፣ ነገ ስመጣ ልጁን ከጎታ ውስጥ ይደብቁብኛል።»

«መመሪያው እኮ…»

«መመሪያውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ቢያስጠይቅም የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

እኔም አቅሜን ልርዳ ብዬ ድምፅ ማጉያውን አነሣሁ። «የተከበርከው ሰፊው ሕዝብ ሆይ!» ስል በቅሎዋ ደንብራ ሣጥኑን ልትረግጠው ምንም አልቀራትም። ዘሃራ ማጉያውን ከእጄ ቀምታ አጠፋችው። ከዚያ እጇን ወደ ሣጥኑ ሰደድ አድርጋ በረዶውን ዳሰሰች፤ ከንፈሯን ነከሰች። የቀረው ጥቂት ነው።

ቀጥ ብላ ወደ መሪጌታ ሄደች፤ እጅ ነሣች።

«የኔታ፣ ከተበ በግዕዝ ምን ማለት ነው?»

ሊቅ ጥያቄ ተጠይቆ ተቆጥቶ አይቆይም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ከተበ፣ ጻፈ።»

ለዘሃራ ቃሉ የአባቷም ቤት ቃል ነው፤ እነሱ ዘንድም መጽሐፉ ኪታብ ነውና። ይህን ግን አላነሣችውም።

«እንግዲያ የእኔም ጽሕፈት ነው፣ የኔታ። አንቱ በፍየል ቆዳ ይጽፋሉ፤ እኔ በልጁ በራሱ ቆዳ እጽፋለሁ። ኩፍኝ ሲመጣ አንብቦ ይመለሳል።»

መሪጌታ ብልቃጧን በጥላው ውስጥ አንሥተው አገላበጧት። «ቀለሙ ውኃ ይመስላል።»

«በረዶው ካለቀ በእርግጥም ውኃ ነው።»

«ስሙስ? ክርስትና ስም ያልገባበት ክታብ ማንን እንደሚጠብቅ በምን ያውቃል?»

«ስሙን አንቱ ይጥሩ፤ እኔ እጽፋለሁ፣» አለች ዘሃራ።

ተጀመረ። መሪጌታ ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እናት የልጇን ክርስትና ስም በጆሯቸው ሹክ ትላለች፤ እሳቸው በዜማ ሊያደርጉት ጥቂት በቀረው ድምፅ «ኃይለ ሚካኤል!» ይላሉ፤ ዘሃራ ትወጋለች፤ ኃይለ ሚካኤል አገር ይያዝልኝ ይላል። «ወለተ ጊዮርጊስ!» ሌላ ጩኸት። ወርደው የነበሩት ተመለሱ። ሊቀመንበሩ ወደኔ ጠጋ ብለው «ጓድ ጋዜጠኛ፣ የስሙ ነገር በጋዜጣው አይወጣም አይደል?» አሉኝ። የቱ ስም አልኳቸው።

መጨረሻ ላይ የቀረው የመሪጌታ የራሳቸው የልጅ ልጅ ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ ተቀምጦ የሌሎቹን ለቅሶ ሲታዘብ የዋለ። «የሱ ስም ተክለ ሃይማኖት ነው፣» አሉ። ክንዱን ግን አልገለጡም።

«መጽሐፍ ሲጻፍ የጸሐፊውም ስም ከግርጌ ይገባል። ያንቺ ክርስትና ስም ማነው፣ ልጄ?»

እናቶቹ ገና አልተበተኑም። እኔ በሆዴ «ወለተ ሚካኤል በይ! የፈለግሽውን ወለተ በይ!» እያልኩ ለመንኳት። ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለሚመጣው ዙርም በዚህ ዳገት የምትታመነው ወይም የማትታመነው በዚህች መልስ ነው።

«የለኝም፣ የኔታ፣» አለች። «ዘሃራ ነው ስሜ። እስላም ነኝ።»

ሊቀመንበሩ መሬት መሬቱን አዩ። አንዲት እናት የልጇን የተወጋ ክንድ በመዳፏ ሸፈነችው። መሪጌታ ዘሃራን ትኩር ብለው አዩአት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ከማርያም ደጅ ቆመሽ ልጆቻችንን ስትጽፊ ዋልሽ፣» አሉ በመጨረሻ። የልጁን እጅጌ ቀስ ብለው ጠቀለሉ። «እኔ ስሙን ጠርቻለሁ። አንቺ ደግሞ ዱኣ አድርጊለት።»

ዘሃራ ዓይኗን ጠረገችና መርፌውን አስተካክላ ያዘች።

«አላህ ያሳድግህ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ፣» ብላ ወጋችው።

ተክለ ሃይማኖት ተራራውን በጩኸት ሞላው። ከጩኸቱ በላይ ግን ሴቶቹ ሁሉ «አሜን!» ሲሉ ሰማሁ፤ ከሁሉም ጮክ ብላ ያለችው ክንድ የሸፈነችው እናት ነበረች።